ሃያ ሁለተኛው ካርታ

ኤርሜቴ ዛናሪኒ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቦሎኛ አውቶቡሶች ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ አንድም ቀን ለማንም አዝኖ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ትሁን፣ መነኩሴ ይሁን፣ የገዛ እህቱ ባል ይሁን፣ ትኬት ያልያዘ ይቀጣል። የእህቱ ባል እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተቀጥቷል፤ ሁለተኛው በገና ዋዜማ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በሰባ ሦስት ዓመቱ ሌባ ሆነ ቢባል የሚያምን የለም። ግን ሆነ። የሰረቀው አንዲት ካርታ ነው፤ ለስርቆት ያበቃችውም ሲኞራ አርጂያ ናት፣ እሷ ምንም ሳታውቅ።

ሲኞራ አርጂያ ፋንቱዚ ዕድሜዋን ሙሉ በረጅም መዳመጫ የፓስታ ሊጥ ስትዳምጥ የኖረች፣ ክንዷ እንደ አናጢ ክንድ የጠነከረ፣ ባሏ ከሞተባት አሥራ አራት ዓመት የሆናት ሴት ናት። በጡረተኞች ክበብ ውስጥ ታሮኪኒ የሚባለውን የቦሎኛ የካርታ ጨዋታ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ የኤርሜቴ ባልደረባ ነበረች፤ ሁለት ለሁለት ሲጫወቱ ሁሌ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው እሷ ናት። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ኤርሜቴ መልአኩ የሚባለው ካርታ እጇ ላይ መኖሩን ከቅንድቧ ያውቃል። ጨረቃን ስታጣ መነጽሯን ትወለውላለች። ስታሸንፍ አትስቅም፤ ከንፈሯን ብቻ ሰብሰብ ታደርጋለች። ይወዳት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ታዲያ ለምን አልነገራትም ቢባል፣ በታሮኪኒ ጠረጴዛ ላይ ለባልደረባ መናገር ክልክል ነዋ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታ ማድረግ ይቻላል፣ "ትልቋን ጣይ" ማለት ነው። ካርታውን በጠረጴዛው ላይ መጎተት ይቻላል፣ ወደ ላይ ወርወር ማድረግም ይቻላል። ከሦስቱ ምልክት ውጪ ትንፍሽ ያለ ሰው ጨዋታው ይሰረዝበታል። ኤርሜቴ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው፤ ሕጉን ከጠረጴዛው አስነሥቶ እስከ ደጁ፣ ከደጁም እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያከብረው ነበር። በሦስት ምልክት ፍቅር መግለጽ የቻለ ሰው እስከ ዛሬ አልተሰማም።

አንድ ማክሰኞ ጨዋታው አልቆ አረንጓዴ ካፖርቷን ስትደርብ ነገሩን አወጣችው።

"ልጄ ኦርኔላ ትሪዬስቴ መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ እያለች ነው። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅላለች አሉ።"

በኤርሜቴ ደረት ውስጥ የሆነ ነገር ወለቀ፤ ምን እንደሆነ በኋላም አልለየውም።

"እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሲኞራ ኢዮላንዳ ጋ ሄጄ ዕድሌን በካርታ ላስነብብ ነው" አለች አርጂያ የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች። "እኔ መወሰን አቅቶኛል። የወጣችውን አደርጋለሁ። እርስዎም አብረውኝ ይምጡ፣ ሲኞር ኤርሜቴ። ካርታ ያውቃሉ፤ እንዳታጭበረብረኝ ዓይንዎን ጣል ያደርጉልኛል።"

ከዚያ ቆም ብላ አየችው። አስተያየቷ አንድ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ኤርሜቴም ያለ የሌለ ወኔውን ሰብስቦ አፉን ከፈተ።

"ትሪዬስቴ ንፋሷ ክፉ ነው" አለ።

"ይባላል" አለች አርጂያ፣ ኮፍያዋን አድርጋ ሄደች።

ያን ሌሊት አልተኛም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቷል፣ ግን በእንቅልፉ መሀል ደጋግሞ ንፋስ፣ ንፋስ እያለ ራሱን ሲሰድብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ካርታ አንባቢዋ ቤት ሄዶ የበሩን ደወል ደወለ።

ሲኞራ ኢዮላንዳ ቀድሞ ፖስታ ቤት ቴምብር ትሸጥ የነበረች፣ ጡረታ ስትወጣ ዕድል ማንበብ የጀመረች ሴት ናት። የሥራ ጠባይዋ ግን አብሯት ጡረታ አልወጣም። የሰውን ዕጣ ፈንታ እንደ ጥቅል መዝና፣ አገላብጣ አይታ፣ "ቀጣይ" የምትል ነው የምትመስለው። ሶፋው ላይ አንድ ወፍራም ድመት ተኝቷል፤ ኤርሜቴ ሊቀመጥ ሲል ስላልተነሣ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ለማን ነው የሚነበበው?" አለችው።

"ለማንም። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።"

"እንዲሁ ለማወቅ የመጣ ሰው እግሩን እንዲህ አያርገፈግፍም። ሲኞራ አርጂያ ቅዳሜ ቀጠሮ አላት፤ የእርስዎን ነገር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከእሷ በቀር። ምን ልርዳዎት?"

የኤርሜቴ ሁለት ጆሮ ቲማቲም መሰለ። ቢሆንም መጥቷልና ጠየቀ።

"ሰውን ከቤቱ የምታስወጣ ካርታ የትኛዋ ናት?"

ኢዮላንዳ ትላልቅ የሚባሉትን ሃያ ሁለት ካርታዎች ከቬልቬት ከረጢታቸው አውጥታ ዘረጋቻቸው። ኤርሜቴ በሙያ ዓይን ቃኛቸው። የእሱ ጨዋታ ካርታዎች ዘመዶች ናቸው፤ ግን ልክ ከተማ ሄዶ እንደተለወጠ ዘመድ ተኳኩለዋል፣ ቀለማቸውም በዝቷል።

"ሞት ናት አይደል?" አለ።

"ሞት ሞት አይደለችም። ሞት ለውጥ ናት፤ አሮጌው ሄዶ አዲሱ እንዲመጣ ቦታ ታስለቅቃለች።"

"በእኛ ሞት አሥራ ሦስት ናት። ከሃዲውን ትበላለች፣ ሰይጣን ይበላታል። አለቀ።"

"ከሃዲው ደግሞ የቱ ነው?"

"ይኸው፣ በአንድ እግሩ የተሰቀለው።"

"እሱማ ከሃዲ አይደለም" አለች ኢዮላንዳ ቅር ብሏት። "ራሱን ለእውነት አሳልፎ የሰጠ፣ ነገሩን ሁሉ ከሌላ አቅጣጫ የሚያይ ጥበበኛ ነው።"

ኤርሜቴ ካርታውን አንሥቶ በደንብ ተመለከተው። "ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል፣ ታዲያ ከየት አቅጣጫ ይይ?"

"ሰይጣን ሱስ ነው፤ ሰው በገዛ እጁ አንገቱ ላይ ያጠለቀው ሰንሰለት። ዓለም ደግሞ ሙላት ናት፣ ምኞት የደረሰበት።"

"በእኛ ዓለምን መልአኩ ይበላታል። መልአኩን የሚበላ የለም።"

"የእናንተ ነገር! ካርታ ስታዩ ምን ይበላዋል ብቻ ነው የሚታያችሁ።"

"ሌላ ምን ሊታይ ነው?" አለ ኤርሜቴ፣ ከልቡ ገርሞት።

ኢዮላንዳ ተነፈሰችና አንዲት ካርታ ለይታ ከፊቱ አኖረች። "የጠየቁኝ ይቺን ነው። ዕብዱ። ቁጥሩ ዜሮ ነው፣ ገና ምንም ያልጀመረ ሰው። ይመልከቱት፤ ያለው ንብረት በበትሩ ጫፍ የቋጠረው ነው፣ በእጁ ነጭ ጽጌረዳ ይዟል፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ውሻው ይጮህበታል፣ እሱ ግን አይሰማም።"

"ለምን አይሰማም?"

"ሊሄድ ነዋ! ዕብዱ የወጣለት ሰው ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል። አዲስ አገር፣ አዲስ ሕይወት። ሞኝ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ደፋር ነው እላለሁ፣ ገደሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ሳይለካ የሚዘል። ሌሎቹን ሃያ አንዱን ወደዚህም ወደዚያም መተርጎም ይቻላል። ዕብዱ ግን ሂድ ነው የሚለው።"

ኤርሜቴ እጁን ኪሱ ከቶ የራሱን ካርታዎች አወጣ፤ ያለ እነሱ ከቤት አይወጣም። የቦሎኛውን ዕብድ ፈልጎ ከሌላው ጎን አስቀመጠው።

"የእኛ ዕብድ ይኸውልዎ። ከበሮውን ይመታል እንጂ የትም አይሄድም። ማንንም አይበላም፣ ማንም አይበላውም። አሳይተውት ወደ ራስዎ ክምር ይመልሱታል።"

"የቦሎኛ ሰው ዕብዱን እንኳ ከቤት አያስወጣም ማለት ነው" አለች ኢዮላንዳ።

ከዚያ የአነባበቧን ሥርዓት ነገረችው። ትላልቆቹን ትበውዛለች፣ ባለጉዳይዋ ክምሩን ለሁለት ትከፍላለች፣ ሰባት ሰባት እያደረገች በሦስት ረድፍ ትደረድራለች። ሦስቱ ረድፎች የኖርሽው ነው፣ ያለሽበት ነው፣ የምትፈሪው ነው። እጇ ላይ የምትቀረው አንዲት ካርታ መልሷ ናት።

"ይቺን" አለ ኤርሜቴ ዕብዱን በጣቱ እየነካ፣ "ለቅዳሜ ብቻ ገለል ማድረግ አይቻልም?"

ኢዮላንዳ ቀና ብላ ተቀመጠች። "ሲኞር ዛናሪኒ፣ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ስሠራ አንድ ደብዳቤ አስቀርቼ አላውቅም። ደስ የማይል ደብዳቤም ደብዳቤ ነው።"

ይህን መልስ ኤርሜቴ ራሱ ቢሰጠው ኖሮ ይኮራበት ነበር። ግን ያን ጊዜ በኮሪደሩ ስልክ ጮኸ፤ ኢዮላንዳ ተነሥታ ሄደች፤ ከእህቷ ጋር ስለ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማውራት ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ ኤርሜቴና ድመቱ ብቻ ቀሩ። ዕብዱ መልስ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ ከሃያ ሁለት አንድ ብቻ ነው፤ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኤርሜቴ እንዲህ ባለ ዕድል ይስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቀም። ድመቱን አየ፣ በሩን አየ፣ የኢዮላንዳን የዕብድ ካርታ አንሥቶ ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተታት። ቀሪዎቹን ሰብስቦ ከረጢቱ ውስጥ አስገባላት፣ ገመዱንም አሰረው፣ የራሱንም ካርታዎች ወደ ኪሱ መለሰ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተምሬያለሁ" ብሏት ወጣ።

ወደ ቤት የሚመለስበት አውቶቡስ ላይ ተቆጣጣሪ ገባ። ኤርሜቴ ትኬቱን ይዟል፤ ቢሆንም ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት የቡና ሰዓት ሳይደርስ ሦስቱም በኢዮላንዳ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አርጂያ አረንጓዴ ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ እንደያዘች ነው። የኤርሜቴ ልብ ግን ቀላል ሆኖለት ነበር። የምትፈራዋ ካርታ ቤቱ፣ በኮቱ ኪስ... እንዲያውም ቤቱ አይደለችም፤ ኮቱን ለብሶት መጥቷል። ለማንኛውም ጠረጴዛው ላይ የለችም።

ኢዮላንዳ በወዘች፣ አርጂያ ክምሩን ከፈለች፣ የመጀመሪያው ረድፍ ወረደ። የኖርሽው፤ ሠረገላው፣ ጨረቃዋ፣ ፀሐይዋ።

"ጨረቃና ፀሐይ ጎን ለጎን!" አለች አርጂያ ቦርሳዋን ጨበጥ አድርጋ። "ዓለም ከመጣች ነጥብ አለን፣ ሲኞር ኤርሜቴ።"

"እዚህ ነጥብ የለም" አለች ኢዮላንዳ።

"መልአኩም ከተጨመረ..." አለ ኤርሜቴ ረስቶት።

"እዚህ ነጥብ የለም አልኩ እኮ። ጨረቃ ግራ መጋባት ናት፣ ፀሐይ ልጅሽ ናት። ዝም ብላችሁ አዳምጡ።"

ሁለተኛው ረድፍ ወረደ፤ ያለሽበት። ሽማግሌው ፋኖሱን ይዞ ብቻውን ቆሟል። ኢዮላንዳ ብቸኝነት ነው ብላ ስትተረጉመው አርጂያ መነጽሯን አውልቃ ወለወለች።

በሦስተኛው ረድፍ አምስተኛው ካርታ ላይ ግን ኤርሜቴ አንድ ሐሳብ መጣበት። ሐሳቡ ቀስ እያለ ነበር የመጣው። ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ ነው። ትላልቆቹ ሃያ ሁለት ነበሩ። ከሃያ ሁለት አንድ ሲቀነስ ሃያ አንድ። ሃያ አንድ ካርታ በሃያ አንድ ቦታ ሲደረደር እጅ ላይ የሚቀረው ስንት ነው? ይህ ሰው ስድሳ ሁለት ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ማን ምን እንደጣለ፣ ማን ምን እንደቀረው ከእነ ተራው የሚያስታውስ ነው። በአንድ ሐሙስ ግን ከሃያ ሁለት አንድ መቀነስ አቅቶት ነበር። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል ይሉ ነበር፤ ኤርሜቴ ሰዎች የሚያጋንኑ ይመስለው ነበር።

ኢዮላንዳ ሃያ አንደኛውን አስቀመጠች። "አሁን" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መልስሽ።" ቀኝ እጇን ወደ ግራ መዳፏ ወሰደች። ግራ መዳፏ ባዶ ነበር።

ገለበጠችው። እጅጌዋን አራገፈች። ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ ድመቱን አንሥታ ከሥሩ ፈለገች፣ ድመቱ ተቆጣ። ረድፎቹን ቆጠረች፣ ከዚያ ደግማ በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

"መልስ የለም" አለች በመጨረሻ፣ ፊቷ ገርጥቶ። "እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ይህች ሴት መልስ የላትም።"

"የጎደለው ዕብዱ ነው" አለች አርጂያ።

"ምን?"

"ዕብዱ አልወረደም። ሁለተኛው ረድፍ ሲያልቅ እጅሽ ላይ ስምንት ይቀራል ብዬ ጠብቄ ሰባት ሆነብኝ። ከዚያ ወዲህ ስከታተል ነበር። ከአስማተኛው እስከ መልአኩ ሁሉም ወርደዋል። ዕብዱ የለም።" ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ቀኟ ዞረች። "ሲኞር ኤርሜቴ፣ ጆሮዎ ቀልቷል።"

"ሙቀቱ ነው" አለ ኤርሜቴ።

"አሥራ አንድ ዓመት፣ ዕብዱ እጅዎ በገባ ቁጥር ጆሮዎ ይቀላል። ባልደረባዬ ስለሆኑ ለማንም አልተናገርኩም። ኪስዎ ያለውን ያውጡ።"

ኤርሜቴ የኮቱን የውስጥ ኪስ አራገፈ። መጀመሪያ የአውቶቡስ ወርሃዊ ትኬቱ ወጣ፣ ከዚያ የሚንት ከረሜላ፣ ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ጎልማሳ ከእነ ውሻው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ኢዮላንዳ የፖስታ ቤት ዘረፋ ያየች ይመስል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

አርጂያ ካርታዋን አየች፣ እሱን አየች። አሥራ አንድ ዓመት እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ያ ሁሉ አክብሮት ከአፏ ጠፋ።

"አንተ ሌባ" አለችው። "አንተ ዓይን አውጣ! ካርታ የሰረቀ ሰው በክበባችን ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ አይደል? ስሙ በር ላይ ይለጠፋል። ባልደረባው ደግሞ አንድ ዓመት ከጠረጴዛ ይታገዳል። ባልደረባው! እኔ!"

"ይሄ እኮ ክበብ አይደለም..."

"የትም ይሁን! ካርታ ካርታ ነው። ዓይንህን ጣል አድርግልኝ ብዬ ነበር ያመጣሁህ!"

"እኔ ልውጣ መሰለኝ" አለች ኢዮላንዳ።

"ቁጭ በይ፤ ምስክር ያስፈልጋል። በል ንገረኝ፣ ለምን ሰረቅህ?"

ኤርሜቴ እጁ ወደ ጠረጴዛው ተነሣ፤ መታ ሊያደርግ፣ ሊጎትት፣ ምን ሊያደርግ እንደነበር እሱም አያውቅም። መልሶ አወረደው። ከሦስቱ ምልክት አንዱም አይበቃም።

"ሂጂ ስለሚል ነው" አለ። "ዕብዱ። ሐሙስ መጥቼ ጠይቄያት ነበር፣ እሷ ናት የነገረችኝ። ሌሎቹ እንዲህም እንዲያም ናቸው፣ እሱ ግን ሂጂ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ እንዲሄዱ አልፈልግም። ማክሰኞ ስለ ንፋሱ ያልኩት ውሸት ነው፤ ትሪዬስቴን ረግጬ አላውቅም፣ ንፋስ ይኑራት አይኑራት ምን አገባኝ። እርስዎ ከሄዱ ማክሰኞ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው? ማክሰኞስ ይቅር፣ ረቡዕ ምን እያሰብኩ ልዋል? እወድዎታለሁ ማለት ሲገባኝ ካርታ ሰረቅኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቀጣሁት ሰው ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም። እርስዎም የኔን ባይሰሙ አልፈርድብዎትም።"

በሕይወቱ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሲጨርስ ደከመውና ከወንበሩ ተነሥቶ ሶፋው ላይ ድመቱ አጠገብ ዘፍ አለ። ድመቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ለቀቀለት።

አርጂያ ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋለች።

"ኦርኔላ በስልክ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?" አለች በመጨረሻ። "'እማዬ፣ እዚያ ምን ይዞሽ ነው? ብትመጪ የምትጎድዪበት የአንድ ሰው ስም ጥሪልኝ። አንድ ስም ብቻ፤ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ' አለችኝ። ሦስት ሳምንት አሰብኩ። እህቴ ሞታለች፣ የፓስታ ሱቃችን ጫማ መሸጫ ሆኗል። ያንተን ስም ልጠራላት ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት፤ በምን አፌ? ማክሰኞ ደጅ ላይ ቆሜ የነገርኩህ ምን እንደምትል ልሰማ ነበር። አንተ የአየር ጠባይ ነገርከኝ።"

"አውቃለሁ" አለ ኤርሜቴ።

ኢዮላንዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሥራዋ ሥራ ነውና ዕብዱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ያዘችው። "ዞሮ ዞሮ ካርታው ወጥቷል፤ ከኪስም ቢሆን ወጥቷል። ትርጉሙ ደግሞ የታወቀ ነው። ሳይለካ የሚዘለው..."

"ትርጉሙ ይገባኛል፣ ኢዮላንዳ" አለች አርጂያ። "ግን ከእኔ እጅ አልወጣም፤ ከእሱ ኪስ ነው የወጣው። የዘለለውም እሱ ነው።"

ቦርሳዋን ከፈተች፣ ስልኳን አወጣች፣ መነጽሯን አስተካክላ ቁጥሩን ነካች።

"ኦርኔላ? ስም አግኝቻለሁ። ጻፊው፤ ኤርሜቴ ዛናሪኒ... አይ፣ ሀብት የለውም። ሌባ ነው... አዎ፣ እኔው ነኝ የምጎድልበት... እንዴት እርግጠኛ አልሆንም፣ ልጄ? እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩት።"